ሁለት ሰዎች ከተገናኙ ስብሰባ ነው

በጅቡቲ ከተማ የቀኑ ግለት ጋብ ሲል፣ ቀድሞ በአፄ ምኒልክ ስም ይጠራ የነበረውና ኋላ የአገሪቱን የነጻነት ቀን እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1977ን እንዲያስታውስ የተሰየመው አደባባይ በሰው ይሞላል። የከተማዋ ነዋሪ በብዛት ሙስሊም በመሆኑ መጠጥ የሚዘወተርባት ከተማ አይደለችም። ሆኖም በአደባባዩ ዙሪያ የውጭ አገር ወታደር፣ መርከበኛና መንገደኛ የሚያመሽባቸው ቡና ቤቶች አሉ። ከሰዓት በኋላውን ጫት ሲቅም የዋለም ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» ብሎ ወደዚያው ያመራል። ወደ ቡና ቤቱ የሚወስደው መንገድ አጭር ነው፤ ከዚያ የሚመልሰው ግን ለአንዳንዱ ዓመታት ይፈጅበታል።

ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው ደመወዝ በተከፈለ ዕለት ደጅ ደጁን እያየች የምታመሽ ሚስት ናት። ልጆቿም ያውቁታል፤ የአባታቸውን የእግር ኮቴ ሰምተው መጫወት ወይም ተኝቶ መምሰል እንዳለባቸው ይለያሉና። ባል በበኩሉ ጠዋት ይምላል፣ ማታ ይረሳል። ሰልፍ ላይ እጁ ሲንቀጠቀጥ ወባ ነው ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለዚህ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ የአልኮል ሱስ የጀግንነት ማነስ ሳይሆን ሕክምና የሚያሻው ሕመም ነው። ለዚህም ምስክር የሚሆነን አንድ የቀድሞ መኮንን ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መድፈኛ ምክትል መቶ አለቃ የነበረው ቢል ዊልሰን መጠጥ የለመደው በውትድርና ዘመኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በሜይ 1935 አክረን በምትባል ከተማ ለንግድ ሄዶ ጉዳዩ ከሸፈበት። መጠጥ ከተወ አምስት ወር ያህል ሆኖታል። በሆቴሉ አዳራሽ ብቻውን ቆሞ ሳለ በአንድ ወገን የቡና ቤቱ ሁካታ፣ በሌላው ወገን ስልክ ነበር። ስልኩን መረጠ። እንደ እርሱ በመጠጥ የሚሠቃይ ሰው እንዲያገናኙት ጠይቆ ከሐኪሙ ከሮበርት ስሚዝ ጋር ተገናኘ። ሐኪሙ «ከ15 ደቂቃ በላይ አልቆይም» ብሎ ቢመጣም ጨዋታቸው ለሰዓታት ቀጠለ፤ የሚያነጋግረው ሰው መካሪ ብቻ ሳይሆን ራሱ የቆሰለ ነበርና። ስሚዝ መጠጥ ለመጨረሻ ጊዜ የቀመሰበት ጁን 10 ቀን 1935 አልኮሊክስ አኖኒመስ የተባለው ማኅበር የልደት ቀን ሆነ። ዛሬ ማኅበሩ በ180 ያህል አገሮች ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ግምገማ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች የተካፈሉባቸውን 27 ጥናቶች መርምሮ፣ መጠጥን ፈጽሞ በማስተው ረገድ ይህ መንገድ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች እንደማያንስ፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ እንደሚበልጥ አረጋግጧል።

የስብሰባው ሥርዓት ቀላል ነው። መዋጮ ግዴታ አይደለም፤ መጠጥ ለመተው መፈለግ ብቻውን አባል ያደርጋል። ማዕረግ አይጠየቅም፣ የአባት ስም አይነገርም። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጠውም። የተሰማው ሁሉ እዚያው ይቀራል። አዲስ ገቢ ቢሻው ዝም ብሎ አዳምጦ ይወጣል። ለሁሉም ክፍት በሆነው ስብሰባ ቤተሰብም ሊገኝ ይችላል፤ ዝግ የሆነው ግን ለራሳቸው ለሕመምተኞቹ ብቻ ነው።

በዚህ ወደብ የሚኖር ሰው ከየት ይጀምር? በመጀመሪያ ከሐኪም። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ የሚጥል በሽታ ሊነሣበት፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሊቃዥ ይችላል፤ በዚህ ሙቀት ላይ ውሃ ያጣ ሰውነት ሲጨመር ሕይወቱን እስከ ማጣት ይደርሳል። ቀጥሎ ስብሰባ ይፈልግ። ማኅበሩ በስልክና በቪዲዮ በሚያካሂዳቸው ስብሰባዎች በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም መካፈል ይቻላል። ባሕር ላይ ላሉና ብቻቸውን ለሚኖሩ አባላት ደግሞ በደብዳቤ የመረዳዳት የቆየ ልማድ አለው። በአቅራቢያው ስብሰባ ያጣም ተስፋ አይቁረጥ፤ ለመዳን የቆረጡ ሁለት ሰዎች ከተገናኙ ስብሰባ ይሆናልና። ከጥበቃ መልስ የሚጠጣ አንድ ስኒ ቡናና አንድ የታመነ የጦር ጓድ ለመነሻ ይበቃሉ።

ለእኅቶቻችንም አንድ ቃል አለን። የባልሽን መጠጥ ያመጣሽው አንቺ አይደለሽም፤ ጠርሙስ በመደበቅም አታድኚውም። ስካሩ ሳይበርድለት አትሟገቺው። ጠዋት፣ አእምሮው ሲመለስ፣ ልጆቹ የሚሰሙትን ንገሪው። እጁን ካነሣ ግን አስቀድመሽ ራስሽንና ልጆችሽን አድኚ፤ ይህ ገመና ማውጣት አይደለም። የመሥራቹ ባለቤት ሎይስ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1951 ከባልደረባዋ ጋር አል-አኖን የተባለውን የቤተሰቦች ማኅበር ያቋቋመችው፣ ባሏ መጠጥ ከተወ በኋላም የእርሷ ቁስል ገና አለመዳኑን አይታ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ለማኅበር እንግዳ አይደለንም። ለለቅሶ ዕድር፣ ለገንዘብ ዕቁብ አለን። በሕይወት ሳለ እየሞተ ያለውን ወንድማችንን ለማንሣትም መሰብሰብ አያቅተንም። ዛሬ ማታ ደጃፉ ላይ የእግር ኮቴ የሚያዳምጥ ልጅ ያለው አባት ሁሉ፣ ከአደባባዩ በፊት የአንድ ጓደኛውን በር ያንኳኳ።