ሳይረን ሳያሰማ የሚመጣው ፓራሜዲክ

አምቡላንስ ሲባል ቶሎ የሚታየን ሳይረንና ሩጫ ነው። በቀጠሮ በር አንኳኩቶ የእናታችሁን የደም ግፊት የሚለካ፣ ስኳሯን የሚያይ፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ መውሰዷን የሚጠይቅ ፓራሜዲክስ እንዳለ ታውቃላችሁ? ኮሚዩኒቲ ፓራሜዲክ ይባላል።

በካናዳ ይህ አሠራር ቀድሞ ከታወቀባቸው ቦታዎች መካከል ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ያሉት ሎንግ አይላንድና ብራየር አይላንድ የተባሉ ትናንሽ ደሴቶች ይገኙበታል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. እዚያ የሚኖር ሐኪም አልነበረም። ሆስፒታል ለመድረስ ደግሞ በጀልባ መሻገር ግድ ነው። ጥሪ የሚጠብቁ ፓራሜዲኮች ግን ነበሩ። ታዲያ ተጨማሪ ሥልጠና ተሰጣቸውና ቁስል ማከም፣ ክትባት መስጠት፣ ለምርመራ ደም መውሰድና አረጋውያንን በየቤታቸው መጎብኘት ጀመሩ። ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚሄደው ሰው ቀነሰ።

"ይሄማ የእኛም አገር ነገር ነው!" ካላችሁ ልክ ናችሁ። ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን የጀመረችው ሐኪም ለገጠሩ አልዳረስ ስላለ ነው። 10ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ከየአካባቢያቸው ተመልምለው አንድ ዓመት ሠለጠኑ፤ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ክትባት፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት ያስተምራሉ። ከ1990 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በሁለት ሦስተኛ ገደማ ሲቀንስ፣ የእነዚህ ሴቶች ድካም አለበት። በራቸውን የሚከፍትላቸው ሰው ያውቃቸዋል፤ ቋንቋውንም ይናገራሉ።

እኛ ፍሌሚንግደን ፓርክ ስንኖር ገጠር አይደለንም፤ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው። እንግሊዝኛ ለማትችል፣ ከፎቅ መውረድ ለሚከብዳት እናት ግን ቅርቡም ሩቅ ነው። ስለዚህ፦

• ቶሮንቶም ኮሚዩኒቲ ፓራሜዲኮች አሏት። ቤት የሚውል አረጋዊ ወይም የቆየ ሕመም ያለበት ሰው ካላችሁ ፋሚሊ ዶክተራችሁን ጠይቁ።
• ለማያጣድፍ ጥያቄ 811 ደውሉ። ነርስ በነፃ፣ ቀንም ሌሊትም ታነጋግራችኋለች። ለአደጋ ግን ሁልጊዜ 911 ነው።
• አስተርጓሚ ጠይቁ። የአያትን ሕመም የማስተርጎም ሸክም በ10 ዓመት ልጅ ላይ አይጫን።

እናንተስ ልጆች? በኦንታሪዮ ፓራሜዲክ ለመሆን የ2 ዓመት የኮሌጅ ትምህርትና የክፍለ ሀገሩን ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ሃይስኩል ላይ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ አትዝለሉ። አማርኛችሁንም አትጣሉት፤ አንድ ቀን በር አንኳኩታችሁ "እማማ፣ ዛሬ እንዴት አደሩ?" ስትሉ፣ የታመሙት እናት የት ቦታ እንደሚያማቸው ያለ አስተርጓሚ ይነግሯችኋል።