የውርርድ ቤት ሥራና የተያዥ ነገር

በኮምቦልቻ ወይም በደሴ ሱቅና መጋዘን ያለው ነጋዴ ከዕለታት አንድ ቀን የጎረቤቱ ወይም የደንበኛው ልጅ አንዲት ወረቀት ይዛ ልትመጣበት ትችላለች። ወረቀቷ የተያዥ ቅጽ ናት። ልጅቱ ትምህርቷን ፈጽማ ብዙ ወራት ሥራ ስትፈልግ ከቆየች በኋላ፣ በአንድ የስፖርት ውርርድ ቤት በገንዘብ ተቀባይነት እንድትቀጠር ተፈቅዶላታል፤ የቀራት ነገር ተያዥ ማቅረብ ብቻ ነው። ነገር ግን እግር ኳስ ተከታትላ አታውቅም፤ ገንዘብ አስይዛም ተወራርዳ አታውቅም። ስለዚህ ሥራው ይሆንልኝ ይሆን እያለች ትጨነቃለች። ነጋዴውም በበኩሉ «ኳስ የማታውቅ ልጅ በውርርድ ቤት ምን ትሠራለች?» ብሎ ያመነታል።

ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም ቦታውን የሳተ ነው። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው የጨዋታ ዕውቀት ሳይሆን የገንዘብ ጥንቃቄ ነው። ተቀጣሪዋም ሆነች ተያዡ ከፊርማ በፊት ሊያነሡት የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም «ገንዘብ ቢጎድል የማን ዕዳ ነው?» የሚለው ነው።

ስለ ፈቃዱ

የዕድል ጨዋታ በአገራችን ማንም እንደ ወደደ የሚከፍተው ንግድ አይደለም። የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር በ1954 ዓ.ም. በዐዋጅ ተቋቋመ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ በዐዋጅ ቁጥር 535 እንደገና ተደራጀ። በእንግሊዝ አገር የውርርድ ሱቆች በሕግ ተፈቅደው በየመንገዱ የተከፈቱት በ1953 ዓ.ም. ነበር። በእኛ አገር ግን ሎተሪ በአዟሪዎች እጅ ከተማውን ሁሉ ሲያዳርስ፣ ሕዝቡ ቤቲንግ የሚለው የስፖርት ውርርድ የተስፋፋው በቅርብ ዓመታት ነው።

የተስፋፋውን ያህል ቁጥጥሩም ጠንክሯል። በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የውርርድ ቤቶችን ሲዘጋ፣ በሥራው ላይ የነበሩ ብዙ ወጣቶች የዕለት ገቢያቸው ተቋርጧል። ስለዚህ ተቀጣሪዋ ስለ ደመወዙ ከመጠየቋ በፊት ቤቱ ዛሬ የጸና ፈቃድ እንዳለው፣ ፈቃዱም ሥራ የምትጀምርበትን ቅርንጫፍ የሚመለከት እንደ ሆነ ማረጋገጥ አለባት። ፈቃድ በሌለው ቤት የተቀመጠ ገንዘብ ተቀባይ፣ ቤቱ በታሸገ ጊዜ ሰበብ የሚበዛበት እሱ ነው፤ ባለቤቱ ሩቅ ነውና።

የገንዘብ ተቀባዩ ሥራ

ሥራው ለሱቅ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ጧት መነሻ ገንዘብ በቁጥር ይረከባል። ተወራራጁ ጨዋታዎቹን መርጦ የሚያስይዘውን ገንዘብ ይነግራል፤ ገንዘብ ተቀባዩ በኮምፒዩተር ያስገባል፤ ብሩን ተቀብሎ ቆጥሮ ትኬቱን ያትማል። ያሸነፈ ትኬቱን ይዞ ሲመጣ በመሣሪያው ተነቦ ትክክለኛነቱ ከታወቀ በኋላ ይከፈለዋል። ማታ ኮምፒዩተሩ የሚያወጣው ሒሳብና በመሳቢያው ያለው ብር ይመሳከራል። ከዚህ ውስጥ የትኛው ቡድን ብርቱ እንደ ሆነ ማወቅን የሚጠይቅ አንድም የለም።

ሊማሩት የሚገባው የቃላት ነገር ጥቂት ነው። «1» ማለት በሜዳው የሚጫወተው ቡድን ያሸንፋል ማለት ነው፤ «2» እንግዳው ያሸንፋል፤ «ኤክስ» እኩል ይለያያሉ ማለት ነው። «ኦድ» የሚባለው ተወራራጁ ያስያዘው ገንዘብ በስንት ተባዝቶ እንደሚከፈለው የሚያመለክት ቁጥር ነው። ትኬቱ «ተበላ» ሲባል ተሸነፈ ማለት ነው። ይህን አስተዋይ ሰው በአንድ ሳምንት ያጠናዋል።

ውርርድ አለመውደድ ስለምን ይጠቅማል?

ነጋዴ ሁሉ ትርፉን በዋጋው ውስጥ እንደሚያስገባ ሁሉ ውርርድ ቤቱም ትርፉን በኦዱ ውስጥ ያስገባል። ለምሳሌ በአንድ ጨዋታ ላይ ለባለሜዳው 2.00፣ ለእኩል 3.20፣ ለእንግዳው 3.50 ኦድ ተሰጠ እንበል። አንድ ሰው ውጤቱ የትኛውም ቢሆን 100 ብር እንዲደርሰው ቢፈልግ በመጀመሪያው 50 ብር፣ በሁለተኛው 31 ብር ከ25 ሳንቲም፣ በሦስተኛው 28 ብር ከ57 ሳንቲም ማስያዝ አለበት። ድምሩ 109 ብር ከ82 ሳንቲም ነው። 100 ብር ለመቀበል 109 ብር ከ82 ሳንቲም መክፈል ማለት ነው፤ ልዩነቱ የቤቱ ነው።

ተወራራጁ አምስት እንዲህ ያሉ ጨዋታዎችን በአንድ ትኬት ሲያያይዝ የቤቱ ድርሻ በየጨዋታው እየተደራረበ ይሄዳል። ብዙ ትኬቶች በአማካይ ሲታሰቡ፣ ከተያዘው 100 ብር ለተወራራጆች የሚመለሰው 63 ብር ያህል ይሆናል፤ ጨዋታዎቹ ዐሥር ከሆኑ ደግሞ 39 ብር ያህል ብቻ ነው። በትንሽ ገንዘብ ብዙ ያስገኛል ተብሎ የሚወደደው ረጅም ትኬት ከሁሉ ይልቅ ቤቱን የሚጠቅም ነው።

ከዚህ የተነሣ በመስኮቱ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ለውርርድ ፍላጎት የሌለው ቢሆን ለቤቱም ለራሱም ደኅና ነው። የሚወራረድ ገንዘብ ተቀባይ በመሳቢያው ያለውን የሌላ ሰው ብር «ማታ እመልሰዋለሁ» ብሎ አንድ ቀን ያስይዛል፤ ሲበላበት ሊመልስ ደግሞ ያስይዛል። የማይወራረደው ግን በየቀኑ የሚያየው የተበላ ትኬት ክምር ራሱ ትምህርት ይሆነዋል።

ገንዘብ የሚጎድልባቸው መንገዶች

ልምድ የሌለውን ሰው የሚጥሉት ወጥመዶች ጥቂቶችና የታወቁ ናቸው።

አንደኛው የቁጥር ስሕተት ነው። 100 ብር ማለት ሲገባ በጥድፊያ 1,000 ብር ተብሎ ቢታተም ልዩነቱ 900 ብር ነው። ጨዋታው ሳይጀመር ከታየ እንደ ቤቱ ደንብ ሊሰረዝ ይችላል፤ ከተጀመረ በኋላ ግን ሒሳቡ በገንዘብ ተቀባዩ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ገንዘቡን ድምፅ አሰምቶ መድገም፣ ብሩን ከመቁጠር በፊትም ትኬት አለማተም ዋና ሥርዓት ነው።

ሁለተኛው ዱቤ ነው። ጨዋታው ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው የሚታወቅ ደንበኛ «አትመዪልኝ፣ ብሩን አሁን አመጣለሁ» ይላል። ትኬቱ ቢበላ ሰውየው ላይመለስ ይችላል፤ ቢያሸንፍ ግን ትኬቱን ለመውሰድ ፈጥኖ ይመጣል። በሱቅ ዱቤ ለደንበኛ የሚሰጥ ጊዜ ነው፤ በውርርድ ቤት ግን ዱቤ የሰጠው ሰው ራሱ ተወራራጅ ሆኗል።

ሦስተኛው ሐሰተኛ ብር ነው፤ በተለይ ቅዳሜና እሑድ ከቀትር በኋላ ሰልፉ ሲረዝምና እጅ ሲፈጥን ይገባል። አራተኛው የመብራትና የኔትወርክ መቋረጥ ነው። ብር ተቀብሎ ትኬቱ ሳይታተም ሲስተሙ ቢቆም፣ ብሩን ወዲያው መመለስ እንጂ «ሲመጣ አትምልሃለሁ» ማለት ጠብ ይወልዳል። አምስተኛው መሳቢያን ለባልደረባ ትቶ መነሣት ነው፤ ሁለት እጅ የገባበት ገንዘብ ሲጎድል ማን እንዳጎደለው አይታወቅም።

ሕጉ ስለ ሠራተኛው ምን ይላል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156 ለተቀጣሪዋ ጋሻ ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው ዋና ዋናዎቹን ቃሎች የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ በ15 ቀን ውስጥ ሊሰጣት ይገባል። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ይህ በዚህ ሥራ ትልቅ ነገር ነው፤ የአውሮፓ የሻምፒዮኖች ጨዋታ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት የሚጀምርበት ቀን ብዙ ነውና። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ከሰባ አምስት ተባዝቶ የሚከፈል ነው። ክፍያው ቢስተካከል እንኳ፣ ቤቷ ደሴ የሆነ ልጅ ከኮምቦልቻ በሌሊት ተነሥታ የሐረጎን ጠመዝማዛ በምን እንደምትወጣው አስቀድሞ መነጋገር ይገባል።

ስለ ጉድለት ደግሞ፣ አሠሪ ከደመወዝ ላይ እንደ ፈቀደ አይቆርጥም። ቅነሳው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት የሆነ ካልሆነ በቀር አይፈቀድም፤ ሲፈቀድም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ሢሶ መብለጥ የለበትም። ነገር ግን «የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ በቅጥር ቅጹ ውስጥ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ሳያነቡ መፈረም ጋሻን አውልቆ ለሌላ መስጠት ነው።

የግብሩም ነገር አይዘንጋ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 979 ሲወጣ፣ ከዕድል ጨዋታ በተገኘ ከ1,000 ብር ባላነሰ ገንዘብ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር። ማሻሻያ ሊኖር ስለሚችል የወቅቱን ምጣኔ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል። ሳይቀነስ የተከፈለ ግብርም ጉድለት ሆኖ ይመጣልና።

ተያዡ ሊያውቀው የሚገባ

አሁን ወደ ነጋዴው ወረቀት እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና በግምት አይታሰብም ይላል፤ በጽሑፍ መሆን አለበት። ከዚህም በላይ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። ይህ የተደነገገው ዋሱ የሚገባበትን ጥልቀት አውቆ እንዲገባ ነው። ስለዚህ የገንዘቡ ቦታ ባዶ በሆነ ቅጽ ላይ የሚፈርም ነጋዴ ልኩን ሌላ ሰው እንዲሞላለት ፈቀደ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ነገሩ ዕዳ ከሜዳ ይሆናል።

እንዲሁም «በአንድነትና በነጠላ» የሚሉ ቃላት በቅጹ ካሉ ትርጉማቸውን ያስተውል። ይህ ከሆነ ገንዘብ ጠያቂው ልጅቱን ሳይከስ በቀጥታ ሱቅ ያለውን ተያዥ ሊከስ ይችላል። በመሠረቱም ወደሱ መሄዱ አይቀርም፤ ለመክፈል የሚችለው እሱ ነውና። ተያዡ የገንዘቡን ልክ በፊደልም በአኃዝም ራሱ ይጻፍ፤ ዋስትናው የሚቆይበትን ጊዜ ያስወስን፤ ቅጂውን በፋይሉ ያስቀምጥ። ጉድለት ሲገኝ በዚያው ሳምንት እንዲነገረው በውሉ ያስገባ፤ የአንድ ቀን 900 ብር ሳይነገር ከርሞ በዓመቱ መጨረሻ ብዙ ሺህ ሆኖ የሚመጣበት ጊዜ አለና።

ስለ ሕሊና

በወሎ ምድር ይህን ሥራ በሌላ ዐይን የሚያዩ ቤተ ሰቦች ብዙዎች ናቸው። በእስልምና ቁማር ሐራም ነው፤ የክርስቲያን አባቶችም ይነቅፉታል። ተቀጣሪዋ ይህን ከወላጆቿ ጋር ከመፈረሟ በፊት ብትነጋገርበት፣ ደመወዝ ከተቀበለች በኋላ ከሚመጣ ጸጸትና ጭቅጭቅ ትድናለች። ነጋዴውም «በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ዋስ አልሆንም» ቢል መብቱ ነው፤ ግን ሌላ በር ቢያሳያት መልካም ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ኮምቦልቻ ደርሶ ፋብሪካዎች በተዘረፉበት ጊዜ ስንት ሰው ከሥራ እንደ ወጣ የከተማው ነጋዴ ያውቃል። ገንዘብ ቆጥራ በትክክል የምታስረክብ ልጅ በጨርቃ ጨርቅ መደብርም፣ በእህል መጋዘንም፣ በመድኃኒት ቤትም ትፈለጋለች።

የሆነ ሆኖ፣ ሥራውን ለመያዝ የቆረጠች እንደ ሆነ፣ ኳስ አለማወቋ አያስፈራት። ነጋዴው የሚጠይቃት ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ የቤቱን ፈቃድ አይተሻልን? ስለ ጉድለት የተጻፈውን አንብበሻልን? በዱቤ ለሚለምንሽ ሰው፣ ዘመድሽ እንኳ ቢሆን፣ እምቢ ማለት ትችያለሽን? ሦስቱንም «አዎን» ካለች፣ ልኩ የተጻፈበትን ቅጽ ያለ ፍርሀት ሊፈርምላት ይችላል።