ስለ አምባዛ ዓሣ መራቢያና ስለ ፎገራ ጨፌ

በጣና ሐይቅ የሚኖረው አምባዛ ቅርፊት የሌለው፥ ራሱ ጠፍጣፋ፥ በአፉ ዙሪያ ስምንት ጢም ያለው ዓሣ ነው። ቅርፊት ስለሌለው ብዙ ሰው አይበላውም፤ ስለዚህም ቢጠፋ ጕዳት የለበትም የሚል አሳብ ይሰማል። አሳቡ ስሕተት ነው፤ የደረቀው ዓሣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን እየተሸጠ ለባሕሩ ዳር ሰው ገንዘብ ሲያስገባ ኖሯልና።

አምባዛ በሌላውም የአፍሪካ አገር በብዛት ስለሚገኝ ዘሩ ከዓለም ይጠፋል ተብሎ አይፈራም። የሚያሠጋው በጣና ያለው ነው፤ የሚወለድበት ስፍራ እየጠበበ ሄዷል። ክረምት ገብቶ ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ ከዳርቻቸው ሲፈሱ፥ አምባዛው ጐርፉን ተከትሎ ወደ ፎገራ ሜዳ ይወጣል፤ በሌሊትም ውሃ በሸፈነው ሣር ላይ እንቍላሉን ይጥላል። እንቍላሉ ከሣሩ ጋር ተጣብቆ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈለፈላል፤ ግልገሉም እንደ ሸሸርና እንደ ወላላ ባሉት ጨፌዎች ያድጋል።

ሩዝ ለፎገራ ሰው ትልቅ ሀብት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ጨፌው እየተጠነፈፈ ሲታረስ፥ የተረፈውም ውሃ በበጋ ለአትክልት በሞተር ሲሳብ፥ ዓሣው ማረፊያ ያጣል። አምባዛ አየር የሚስብበት ብልት ስላለው በጥቂት ውሃ ይሰነብታል፤ ጭቃው ከደረቀ በኋላ ግን ይህ ብልት አያድነውም።

የሚደርሰው ጥፋት በነጭ ዓሣ ታይቷል። በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ ማስገር በ1978 ዓ.ም. ገደማ ከተጀመረ ወዲህ፥ ለመራባት ወደ ወንዞቹ የሚወጡት የነጭ ዓሣ ወገኖች በወንዝ አፍ እየተጠበቁ ስለተያዙ፥ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ጐደሉ። የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ በወንዝ መበተንም ትልቁንና ትንሹን ባንድነት ይፈጃል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው ቍጥር 315 የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ለንግድ የሚያሰግር ፈቃድ እንዲይዝ ያዛል። በክረምት መረብ በርብና በጉማራ አፍ እንዳይዘረጋ መጠበቅ፥ ከጨፌውም ጥልቅ የሆነውን ክፍል ሳይታረስ መተው ግን በወረዳው ሹምና በባለይዞታው እጅ ያለ ነገር ነው። የጨፌው ድንበር መተከል ያለበት ውሃው በነሐሴ ሞልቶ ሳለ ነው፤ በበጋ ቢለካ ዓሣው የሚወልድበት ሣር ሁሉ ከድንበሩ ውጭ ይቀራል።