የሞተር መጋዙ ተሰበረ፤ እናሠራው ወይስ አዲስ እንግዛ?

ዛሬ አንድ ታሪክ እንነግራችኋለን። ታሪኩ ለትምህርት የተዘጋጀ ምሳሌ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ነገር በብዙ ቦታ ይደርሳል። እናንተም ቤት ሊደርስ ይችላል። ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ጊዜው ጠዋት ነው። ሁለት ወንድማማቾች ባሕር ዛፍ ይቆርጣሉ። ታናሹ የሞተር መጋዙን ይዟል። ታላቁ የወደቀውን ግንድ በመጥረቢያ ይመለምላል። ድንገት መጋዙ ከወትሮው በላይ ጮኸ። ቀጥሎ ድምፁ ወረደ። ከዚያ ቀጥ አለ።

ታናሹ የማስነሻውን ገመድ ሳበ። ገመዱ አልንቀሳቀስ አለ።

«ምን ሆነ?» አለ ታላቁ።

«እኔ እንጃ፣ አያ። አሁን ደህና ሲሠራ ነበር እኮ» አለ ታናሹ።

ወንድማማቾቹ ጭንቅ ያዛቸው። 300 አጣና ሊያስረክቡ ቀብድ ተቀብለዋል። የቀራቸው 15 ቀን ብቻ ነው። በቀብዱ የታላቁ ልጅ ደብተርና ልብስ ተገዝቶበታል። ስለዚህ ገንዘቡን መመለስ አይችሉም። በመጥረቢያ ብቻ እንቁረጥ ቢሉ ደግሞ ቀኑ አይበቃም።

ማታ እሳት ዳር ክርክር ተነሣ። «ይኸ መጋዝ ሦስት ዓመት ሠራ። ከእንግዲህ አይረባም። በብድር አዲስ እንግዛ» አለ ታናሹ። ታላቁ ዝም ብሎ አሰበ። ይህን ጊዜ ሚስቱ ተናገረች።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ! በመጀመሪያ ምን እንደተሰበረ እወቁ እንጂ። ሳታውቁ ምኑን ትገዛላችሁ?» አለች።

ነገሩ እውነት ነው። የተሰበረውን ሳያውቁ መወሰን አይቻልም።

መጋዙ እንዴት ይሠራል?

የሞተር መጋዝ በጀርመን አገር መሸጥ የጀመረው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1920ዎቹ ነው። ያን ጊዜ መጋዙ በጣም ከባድ ነበር። ሁለት ሰው ይይዘው ነበር። ዛሬ አንድ ሰው ይይዘዋል።

በመጋዙ ውስጥ ትንሽ ሞተር አለ። በሞተሩ ውስጥ ፒስተን የሚባል ብረት ይመላለሳል። የሚመላለሰው ሲሊንደር በሚባል ቱቦ ውስጥ ነው። ካንዴላ እሳት ይጭራል። ቤንዚኑ ይቃጠላል። ፒስተኑ ይገፋል። ሰንሰለቱ ይዞራል። ጥርስ ያለው ሰንሰለት ግንዱን ይቆርጣል።

አሁን አንድ ትልቅ ነገር ልብ በሉ። በመኪና ሞተር ውስጥ ዘይት ለብቻው ይቀመጣል። በሞተር መጋዝ ግን እንዲህ አይደለም። የሞተሩ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ሌላ መንገድ የለውም። ዘይት የሌለው ቤንዚን ከተጨመረ ብረት ከብረት ይፋተጋል። ሞተሩ በጣም ይግላል። ፒስተኑ ይጫጫራል፤ ከሲሊንደሩም ጋር ይጣበቃል። ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

በቤት ምን እናያለን?

መጋዝ እምቢ ሲል ሁሉ ተሰበረ ማለት አይደለም። መካኒክ ዘንድ ከመሄዳችን በፊት ራሳችን የምናየው አለ። በመጀመሪያ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። እሳትና ሲጋራ አጠገቡ አይድረስ። የካንዴላውም ገመድ ይነቀል። ከዚያ እንዲህ እንመርምር።

1. ቤንዚን አለው? ቤንዚኑስ ብዙ ጊዜ የተቀመጠ ነው?
2. የአየር ማጣሪያው፣ ማለትም ፊልትሮው፣ በመጋዝ ዱቄት ተዘግቷል? ከተዘጋ ይጸዳል።
3. ካንዴላው ጠቁሯል ወይስ ረጥቧል? ከሆነ ይጸዳል ወይም ይለወጣል።
4. ሞተሩ እየሠራ አልቆርጥ ካለ፣ ከግንዱ የሚወጣው ምንድን ነው? ፍቅፋቂ ከሆነ ሰንሰለቱ ስለታም ነው። ደቃቅ ዱቄት ከሆነ ደንዟል። በሞረድ ይሳል።

እነዚህ በትንሽ ገንዘብ የሚቃኑ ናቸው። ስለ እነዚህ ብሎ አዲስ መጋዝ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ይጥላል።

ወንድማማቾቹም ይህን ሁሉ አዩ። ቤንዚን አለው። ፊልትሮው ንጹሕ ነው። በማግስቱ ገመዱን ሲስቡት ተንቀሳቀሰ። ነገር ግን ከቀድሞው ይልቅ ላላ። ሞተሩም አልነሣ አለ። ስለዚህ መጋዙን ተሸክመው ወደ ከተማ ወረዱ።

መካኒኩ ምን አየ?

መካኒኩ ሽማግሌ ነው። ወዲያው ዋጋ አልተናገረም። የጭስ መውጫውን ማርሚታ ፈታ። በቀዳዳው ወደ ውስጥ በባትሪ ተመለከተ። ከዚያም ታላቁን ጠራው።

«ና እስቲ ልጄ፣ ራስህ እየው። ይኸ ፒስተኑ ነው። መጫጫሩ ይታይሃል?»

«ይታየኛል፣ ጋሼ። ምስማር የቧጨረው ይመስላል።»

«ዘይት ሳይኖረው ነው የሠራው። ለመሆኑ ምን ቤንዚን ጨመራችሁበት?»

ታላቁ ወደ ታናሹ ዞረ። ታናሹ አቀርቅሮ ቆየ። ከዚያም ተናገረ። በቤታቸው ሁለት ጀሪካኖች አሉ። ሁለቱም ቢጫ ናቸው። በአንዱ ዘይት የተቀላቀለ ቤንዚን አለ። በሌላው ንጹሕ ቤንዚን አለ። በላያቸው ላይ የተጻፈ ነገር የለም። በዚያ ጠዋት ታናሹ ቸኩሎ አንዱን አነሣ። ያነሣው ዘይት የሌለውን ነበር።

«ይቅር በለኝ፣ አያ» አለ።

ታላቁ ተቆጥቶ ነበር። ነገር ግን ቆም ብሎ አሰበ። «ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም። እኔም አልጻፍኩበትም» አለው።

«አዲስ ገዝታችሁ ቢሆን ኖሮ» አለ መካኒኩ፣ «ያንኑ ቤንዚን ትጨምሩበት ነበር። አዲሱም እንዲሁ ይሞት ነበር።»

ሂሳቡ በደብተር

መካኒኩ ሞተሩን ፈታ። ፒስተኑና ሲሊንደሩ ተበላሽተዋል። ኮሎው ግን ደህና ነው። ኩሽኔታዎቹም ደህና ናቸው። ታላቁ ደብተሩን አወጣ። መካኒኩ እየነገረው እሱ ጻፈ። የብሩ ልክ ለሂሳብ ምሳሌ የተሰጠ ነው። እውነተኛው ዋጋ እንደ ገበያው ይለያያል።

ፒስተንና ሲሊንደር፦ 7,500 ብር
ካንዴላና ፊልትሮ፦ 700 ብር
አዲስ ሰንሰለት፦ 1,300 ብር
የእጅ ዋጋ፦ 1,500 ብር
ድምር፦ 11,000 ብር

የአዲሱ መጋዝ ዋጋ 44,000 ብር ነው። የማሠሪያው ገንዘብ የአዲሱ ሩብ ነው ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ ብቻ አይበቃም። ስንት ጊዜ ያገለግላል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። «ደኅና ከያዛችሁት ሁለት ዓመት ይሠራል ብዬ አስባለሁ» አለ መካኒኩ። 11,000 ለሁለት ሲካፈል 5,500 ነው። ለአንድ ዓመት 5,500 ብር ይወድቃል። አዲሱ ስድስት ዓመት ይሠራል እንበል። 44,000 ለስድስት ሲካፈል 7,333 ብር ያህል ነው። ለዚያውም የብድሩ ወለድ አልተጨመረበትም። ስለዚህ ማሠራቱ ይሻላል።

ኮሎውም ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮስ? 14,000 ብር ይጨመራል እንበል። ድምሩ 25,000 ብር ይሆናል። ይህ ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ በላይ ነው። ሦስት ዓመት በሠራ መጋዝ ላይ ይህን ያህል ማውጣት ኪሣራ ነው። ያን ጊዜ አዲስ መግዛት ይሻል ነበር።

አዲስ የሚገዛው መቼ ነው?

አዲስ መግዛት የሚሻልባቸው ጊዜያት አሉ።

የማሠሪያው ዋጋ ከአዲሱ ግማሽ ካለፈና መጋዙም ካረጀ።

የሞተሩ ቤት ከተሰነጠቀ።

መለዋወጫው በገበያ ከጠፋ።

የሰንሰለቱ ፍሬን ከተበላሸና የሚጠገንበት ዕቃ ከታጣ። መጋዙ ወደ ሰው ሲፈናጠር ሰንሰለቱን የሚያቆመው ይህ ፍሬን ነው። ያለ ፍሬን መሥራት ገንዘብን ለማዳን ብሎ ሕይወትን ማጣት ነው። እንዲህ ያለ መጋዝ ሞተሩ ቢነሣም አይሠራበትም።

በመጨረሻ ምን ሆነ?

መጋዙ በአራት ቀን ተሠርቶ አለቀ። በአራቱ ቀን ወንድማማቾቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በመጥረቢያና በእጅ መጋዝ ቆረጡ። በ15ኛው ቀን 280 አጣና አስረከቡ። 20 ጎደለ። ገዥው ትንሽ አጉረመረመ። ሆኖም ሁለት ቀን ጨመረላቸው። እነሱም የጎደለውን አሟሉ።

አሁን ወደ ቤታቸው ብትሄዱ ሁለቱን ጀሪካኖች ታያላችሁ። ታላቁ በወፍራም ቀለም ጽፎባቸዋል። በአንዱ ላይ «ዘይት አለው» ይላል። በሌላው ላይ «ዘይት የለውም» ይላል። ፊደሎቹ ትንሽ ተንጋደዋል። ነገር ግን ይነበባሉ። የተቀላቀለበት ቀንም ተጽፏል። ከአንድ ወር በላይ ባይቆይ ይመረጣልና። ከሥር ደግሞ ልኩ አለ፦ «1 ሊትር ቤንዚን፣ 20 ሚሊ ሊትር ዘይት።» ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ይህ የእነሱ መጋዝ ልክ ነው። ከዚህ የበለጠ ዘይት የሚፈልግ መጋዝም አለ። ስለዚህ ከመጋዛችሁ ጋር የመጣውን መጽሐፍ አንብቡ። ዘይቱም ለእንዲህ ያለ ሞተር የተሠራ ይሁን።

ሁለት ቃል ሳይጻፍ ቀርቶ 11,000 ብር ወጣ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ዕቃችሁ ሲሰበር አትቸኩሉ። ምን እንደተሰበረ እወቁ። ለምን እንደተሰበረ ጠይቁ። ሂሳቡን ጻፉ። ከዚያ ወስኑ።

ጥያቄዎች

1. የመጋዙ ሞተር ለምን ተበላሸ?
2. ወንድማማቾቹ ወዲያው አዲስ ገዝተው ቢሆን ምን ይደርስ ነበር?
3. ለ3 ሊትር ቤንዚን ስንት ሚሊ ሊትር ዘይት ይጨመራል?
4. በቤታችሁ ስም ሊጻፍበት የሚገባ ዕቃ የትኛው ነው? ዛሬውኑ ጻፉበት።