ባንኮክ ለሚገባ እንግዳ

ከሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ መሃል ከተማ ፋያ ታይ ጣቢያ የሚደርሰው ባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ የባንኮክን የመኪና መጨናነቅ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሥራ የጀመረው፣ ከመንገዱ በላይ በድልድይ ላይ የሚሄደው የከተማ ባቡርም እንዲሁ ከመኪና ሰልፉ ይገላግላል። ወደ ጥንታዊዎቹ ቤተ መቅደሶች ለመሄድ ግን በቻኦ ፍራያ ወንዝ ላይ የሚመላለሰውን ጀልባ የሚያህል የለም፤ ነፋሻው አየርና የከተማዋ እይታ ብቻቸውን ጉዞውን ተወዳጅ ያደርጉታል።

እ.ኤ.አ. በ1782 ግንባታው የተጀመረው ታላቁ ቤተ መንግሥት ትከሻውንና ጉልበቱን ያልሸፈነ ጎብኚ አያስገባም። የቡድሃ ሐውልት ወዳለበት አዳራሽ ሲገባ ደግሞ ጫማ ይወለቃል፤ ይህ ለብዙ ኢትዮጵያውያን አዲስ ልማድ አይደለም።

ከኢትዮጵያ የሚነሳ መንገደኛ፣ ለሕክምናም ይሂድ ለንግድ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር መያዝ አለበት። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ ይኖርበታል።