የተዘጋ መስኮት ዋጋ

በሂርና ብርዳማ ጠዋት 60 ተማሪዎች 170 ሜትር ኩብ ስፋት ባለው ክፍል መስኮት ዘግተው ይማራሉ እንበል። አንድ ተማሪ ተቀምጦ ሳለ በሰዓት 15 ሊትር ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። በ40 ደቂቃ 600 ሊትር ይጠራቀማል ማለት ነው። ከምናስወጣው ትንፋሽ 4 በመቶ ያህሉ ይኸው ጋዝ ስለሆነ፣ ሒሳቡን ስንሠራ በክፍለ ጊዜው ማብቂያ ከምንስበው አየር 9 በመቶ ገደማው ቀደም ሲል ከሳንባ የወጣ ሆኖ እናገኘዋለን። ከመካከላችን ጉንፋን ወይም የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ካለ ተህዋሲያኑም አብረው ይዘዋወራሉ። አንድ ተማሪ ታሞ ሲቀር ያመለጠው ትምህርት፣ የወላጅ የሥራ ቀንና የመድኃኒት ወጪ ይደራረባሉ። ፊት ለፊት ያሉ መስኮቶችን ከፍቶ ነፋስ ማሳለፍ ግን የሚጠይቀን ሹራብ መደረብን ብቻ ነው።