ሸራ ያልተዘረጋባቸው ሐይቆች፦ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የአንድ ቀን የጀልባ ጉዞ

ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር ጉዳይ ያላነጋገረው ሰው የለም። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ወሬውን አጋጋለው፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ «ጣናነሽ ቁጥር 2» የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና ባሕር ዳር ድረስ በየብስ መጓዟ የብዙ ሰው ዓይን ሳበ። አገሩ ሁሉ ስለ ውኃ በሚያወራበት በዚህ ጊዜ፣ በ2015 ዓ.ም. «ሸገር ከተማ» በሚል አንድ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚመለስ መንገደኛ ምን ዓይነት የጀልባ ጉዞ እንዳላቸው መመርመር ተገቢ ነው። ጉዞው አለ፤ ግን በመቅዘፊያና በሞተር ብቻ ነው። ምክንያቱ የባሕር በር ማጣታችን ነው የሚለውን ብዙ ሰው ሳይመረምር ይቀበለዋል። የጎደለን ግን ሸራ፣ ሸራ የሚይዝ የሠለጠነ እጅና ለሁሉም ክፍት የሆነ የሐይቅ ዳርቻ ነው፤ ሦስቱም ያለ ባሕር ሊገኙ ይችላሉ።

የሦስቱ ከተሞች ሀብት መንገዳቸው ነው፤ ቡራዩ በአምቦ፣ ሰበታ በጅማ፣ ሱሉልታ በጎጃም መውጫ ላይ ተቀምጠዋል። ለቡራዩ ቅርቡ ውኃ ገፈርሳ ቢሆንም የአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያ ስለሆነ ለሽርሽር መከፈት የለበትም። ሰበታ የብሔራዊው የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል መቀመጫ ናት፤ የሐይቆቻችንን ጠባይ የሚያጠኑ ባለሙያዎች አሏት፣ ለጀልባ የሚሆን ሐይቅ ግን የላትም። የሱሉልታ መንገድ ጣና ድረስ ያደርሳል፤ ነገር ግን ርቀቱ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አይታሰብም፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭትም መንገደኛውን አስግቶታል። ስለዚህ የሦስቱም ከተሞች ተስፋ የሚያርፈው ወንጪ ላይ ነው። የቡራዩ ሰው በአምቦ በኩል፣ የሰበታ ሰው ደግሞ ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር በምትርቀው በወሊሶ በኩል ወደዚያው ሐይቅ ይወጣል። ወንጪ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ፣ በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳምን የያዘ ሐይቅ ነው። በ2012 ዓ.ም. ይፋ ከሆኑት የ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክቶች አንዱ ሆነ፤ በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝር አስገባው። ከዚህ ዝና አስቀድሞ የአካባቢው ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ፈረስና ጀልባ በተራ ያቀርቡ ነበር፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የወንጪ ሀብት ይህ የተራ ሥርዓት ነው።

የቀሩት በአጭሩ ይታለፋሉ። ደንዲ ከወንጪ ብዙም አይርቅም፣ ጸጥታው ግን ይበልጣል። ላንጋኖ የውኃ ላይ ስፖርት የለመደ ሐይቅ ነው፤ ዝዋይ የዛይ ሕዝብ ከቱሉ ጉዶና ከሌሎች ደሴቶች ወደ ዳር የሚመላለስበት ውኃ ነው፤ ሁለቱም ለአንድ ቀን ይርቃሉ። ቢሾፍቱ ቅርብ ናት፣ ነገር ግን የባቦጋያና የኩሪፍቱ ዳርቻ አብዛኛው በመዝናኛ ግቢዎችና በግል ይዞታዎች ስለታጠረ፣ የቀን ጎብኚ ውኃውን የሚያገኘው ከአጥር ወዲያ ከፍሎ ነው።

የሸራው ጥያቄ ግን ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል። «እኛ ባሕር የለንም፣ ሸራ ከየት እናውቃለን?» ለሚለው የመጀመሪያው መልስ ጣና ላይ የበቀለው ደንገል ነው። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. «ራ» የተሰኘች ጀልባውን ያሠራው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር፤ ሠሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ያች ጀልባ ሸራ ዘርግታ ከሞሮኮዋ የሳፊ ወደብ ተነሥታ የአትላንቲክን አብዛኛውን ክፍል ካቋረጠች በኋላ ፈረሰች። በማግሥቱ ዓመት ከቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች «ራ 2»ን እንደገና በኢትዮጵያ ደንገል ሠሩ፤ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። የእኛ ተክል ውቅያኖስ ሲሻገር የእኛ ታንኳ ግን ዛሬም በቀርከሃ ይቀዘፋል። የአይማራ ሰዎች በራሳቸው ሐይቅ ላይ ከሸምበቆ በሠሩት ጀልባ ሸራ ይሰቅሉ ነበር፤ ቦሊቪያም እንደ እኛ የባሕር በር የሌላት አገር ናት። ስዊዘርላንድም ባሕር የላትም፤ ሆኖም የእሷው «አሊንጊ» ቡድን በባለሸራ ጀልባ ውድድር ትልቁን የአሜሪካ ዋንጫ በ1995 እና በ1999 ዓ.ም. ወስዷል። በቪክቶሪያ ሐይቅም ዓሣ አጥማጆች በሸራ ይሠራሉ። የጣና ታንኳ ለምን ሸራ እንዳልያዘ ሲጠየቅ፣ ጉዞው አጭርና ዳር ዳሩን መሆኑ፣ ደንገሉም ውኃ ጠጥቶ ቶሎ መክበዱ ይነሣል። ይህ አሳማኝ ነው፤ ግን የሚያስረዳው የትናንቱን ታንኳ እንጂ የነገውን የእንጨት ወይም የፋይበር ጀልባ አይደለም።

ጠንካራው ተቃውሞ የነፋሱ ነው። ወንጪ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ እኩል ፍጥነት ያለው ነፋስም ሸራውን የሚገፋው በዚያው መጠን ባነሰ ኃይል ነው። በዙሪያው የቆመው ገደልም ነፋሱን ያዞረዋል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ይሁን እንጂ ቲቲካካ ከ3,800 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ሸራ ከሠራ ወንጪ ላይ ሰፋ ያለ ሸራ ይበቃል፤ የሚዞር ነፋስም ጀማሪን የሚያስተምር እንጂ ሥራውን የሚያስቀር አይደለም። ሞተር ይቀላል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ነዳጁ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ዘይቱ ውኃ ላይ ይቀራል፣ ድምፁም ገዳሙን ይረብሻል። ብዙ ሰው ዋና አለመቻሉ የሚያነሣው ሥጋት ግን በቁም ነገር መታየት አለበት። መልሱ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ላይፍ ጃኬት ማልበስ፣ የጭነት ልክ መወሰንና ሰዓት ማክበር ነው። የጣና ታንኳ ቀዛፊዎች ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን እንደሚያናውጠው ስለሚያውቁ በጠዋት ይሻገራሉ፤ የነፋስ ዕውቀት በዚህ አገር ከጥንት ጀምሮ አለ፤ በሥልጠናና በደንብ አልተቀመጠም እንጂ።

የባሕር በር ድርድር የመንግሥታት ጉዳይ ነው፣ ጊዜም ይወስዳል። ወንጪ ላይ ጥቂት ባለሸራ ጀልባዎችን ማሰማራት ግን የአንድ በጀት ዓመት ሥራ ነው። የኦሮሚያ ቱሪዝም ኮሚሽንና የሸገር ከተማ አስተዳደር ለወንጪ ጀልባ ቀዛፊዎች አሠልጣኝ ይቅጠሩ፤ የሰበታውን የምርምር ማዕከል ስለ ሐይቁ ደኅንነት ያማክሩ፤ የሐይቁ መውረጃም ለቀን ጎብኚ ያለ አጥር ክፍት እንዲሆን በደንብ ያጽኑት።